የቡችላ ሥልጠና መቼ ይጀመር? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደረጃ በደረጃ

«ገና ሕፃን ነው፤ ስድስት ወር ሲሞላው አሠለጥነዋለሁ» ብለው የሚጠብቁ ሰዎች ስድስተኛው ወር ሲደርስ የሚያገኙት ሲጠሩት የማይመጣ፣ እንግዳ ላይ የሚዘል፣ ልብስ ከገመድ ላይ እያወረደ የሚቀድ ውሻ ነው። ያኔ ሰንሰለት ይገዛል፤ ውሻውም ቀሪ ዕድሜውን ግቢ ጥግ ላይ ታስሮ ይጨርሳል። በእነዚያ ወራት ቡችላው ሳይማር አልቆየም። ሲጮህ በር እንደሚከፈትለት፣ ሲነክስ ልጆች እየጮሁ እንደሚሮጡለት፣ «ና» ሲሉት ባይመጣ ምንም እንደማይቀርበት ተምሯል። ችግሩ ያስተማረው ሰው ሳያስበው ማስተማሩ ነው።

መልሱ አጭር ነው፦ ቡችላው 8 ሳምንት ሞልቶት ቤታችሁ የገባበት ቀን የሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ነው። ስድስት ወር ጠብቁ የሚለው ምክር አንገትን በሰንሰለት እየጎተቱ ከሚያሠለጥኑበት የቆየ ዘዴ የመጣ ነው፤ የቡችላ አንገት ያንን ስለማይችል መጠበቅ ግድ ነበር። በምግብና በማበረታታት ስታሠለጥኑ የምትጠብቁት ነገር የለም።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ቅደም ተከተል አላቸው፤ ነገር ግን አንዱ እስኪያልቅ ሌላው አይጠበቅም። ከ«ደረጃ 1» እስከ «ደረጃ 6» ያሉት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. ዕድሜውን አረጋግጡ። ሻጮች ብዙ ጊዜ ቡችላን በአንድ ወሩ ይሰጣሉ፤ «ጥርስ አውጥቷል፣ ይበላል» ይላሉ። የፊት ጥርስ ማስረጃ አይሆንም፤ 6 ሳምንት ሳይሞላው ይወጣል። አፉን በቀስታ ከፍታችሁ የጎኖቹን የኋላ ጥርሶች እዩ። እነሱም ወጥተው ከሆነ ወደ 8 ሳምንት ተጠግቷል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ የእንስሳት ሐኪም ያይላችሁ። ቡችላ የንክሻውን ኃይል መመጠን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው፤ ጠንክሮ ሲነክስ ጨዋታው ይቆምበታል። ያንን ትምህርት ሳይጨርስ የመጣ ቡችላ እጅ ላይ ጠንካራ ነው።

ቀድሞ ከመጣ ምን ይደረግ? ከተቻለ መልሱትና እናቱ ዘንድ ይቆይ፤ ሻጩ ቦታ እንዲይዝላችሁ ቀብድ ስጡ። ካልተቻለ ሙቀትና ለስላሳ ምግብ አዘጋጁ፣ የሚሰጠውን ምግብ ዓይነትና መጠን ሐኪም ይንገራችሁ፣ ትእዛዝ ለማስተማር አትቸኩሉ። ክትባቱን የጨረሰ ገራም ትልቅ ውሻ ያለው ዘመድ ካለ ከዚያ ውሻ ጋር በየጊዜው ይጫወት።

2. በመጀመሪያው ሳምንት ሐኪም ያየው። ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት ቡችላን የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ በ3 ወሩ ይሰጣል። የሆድ ትል መድኃኒትም ይጨመርበታል። ሆዱ ተነፍቶ ሰውነቱ የከሳ ቡችላ ትል ሊኖርበት ስለሚችል ለትምህርት አቅም የለውም፤ መጀመሪያ ይታከም።

3. ዕቃ አሰናዱ። ቀላል የጨርቅ የአንገት ማሰሪያ፣ 2 ሜትር የሚሆን ቀላል ገመድ፣ 5 ሜትር የሚሆን ቀጭን ረጅም ገመድ፣ የሚታኘክ ጎማ፣ የሚተኛበት ካርቶን ወይም ሣጥን። የብረት ሰንሰለት አትግዙ።

4. ሽልማቱን አዘጋጁ። አጥንት የሌለው የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ፣ ትንሽ የተቀቀለ ጉበት፣ እንቁላል፣ ካሮት ወይም ደረቅ ዳቦ ይሆናል። ጨውና ቅመም አይግባበት። አንዷ ፍሬ ከሽምብራ አትብለጥ፤ ቡችላ የሚደሰተው በመጠኑ ሳይሆን በማግኘቱ ነው። የቀኑ ሽልማት በሙሉ ከዕለት ምግቡ አንድ አሥረኛውን አይለፍ፤ ጉበት ሲበዛ ደግሞ ሆዱን ያስቀምጠዋል። በጾም ወራት ሥጋ ከቤት ሲጠፋ ሥልጠናውም አብሮ የሚቆምበት ቤት ብዙ ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቀቅላችሁ፣ በትንንሹ ቆርጣችሁ በማቀዝቀዣ በረዶ ክፍል አስቀምጡ፤ ወይም በካሮትና በዳቦ ቀጥሉ።

ፈጽሞ የማይሰጡ፦ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ወጥ፣ ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ስኳር የለሽ ማስቲካ (ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ለውሻ መርዝ ነው) እና የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ የዶሮ አጥንት። አጥንቱ ተሰንጥቆ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ቁጡ ይሆናል ብለው ሚጥሚጣ የሚያበሉም አሉ፤ የሚያተርፉት የሚያመው ውሻ ብቻ ነው።

5. ቤተሰቡ በሙሉ በቃላቱ ይስማማ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አባት «ተቀመጥ»፣ እናት «ቁጭ በል»፣ ልጆች «አረፍ በል» ካሉት ቡችላው ሦስት ድምፅ ሰምቶ አንዱንም አይዝም። ሴት ከሆነችም አንዱ «ና» ሌላው «ነይ» አይበላት፤ ለእሷ የተለያዩ ድምፆች ናቸው። አንዱን ምረጡና ሁሉም ያንኑ ይበል። እኔ የምመክራቸው፦ ና፣ ቁጭ፣ ጋደም፣ ጠብቅ፣ ተው፣ ልቀቅ። «ቁጭ» እና «ቆይ» በጆሮ ስለሚቀራረቡ ለመጠበቅ «ቆይ» አትበሉ። የማሞገሻው ቃል «ጎበዝ»፣ የመጨረሻው «በቃ» ይሁን። በወረቀት ጽፋችሁ ማዕድ ቤት በር ላይ ለጥፉ። የግቢው ዘበኛና የቤት ሠራተኛዋም ይወቁት። በብዙ ቤት ለውሻው ምግብ የሚሰጡት እነሱ ናቸው፤ ውሻ ደግሞ ከማንም በላይ የሚሰማው የሚያበላውን ሰው ነው። እነሱን ሳታሳትፉ የምታስተምሩት ነገር አይጸናም።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት

ጎረቤት ሁሉ ቡችላ ሊያይ አይምጣ። መኝታውን ሰው ባለበት ክፍል አድርጉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከአልጋችሁ አጠገብ በካርቶን ቢተኛ ይሻላል። ከእናቱ የተለየ ሕፃን ግቢ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ሲታሰር የሚማረው ፍርሃትን ነው።

ስሙን አስተምሩት። ስሙ አጭር ይሁን፤ ቦቢ፣ ጃኪ፣ ቡቺ ዓይነት። ወደ ሌላ ሲመለከት ስሙን አንዴ ጥሩ። ዓይኑን ወደ እናንተ ባዞረ ቅጽበት «ጎበዝ» በሉና ሽልማቱን ስጡት። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ጊዜ ደግሙና አቁሙ።

ካልዞረ ስሙን አትደጋግሙ። ጉልበታችሁን በእጃችሁ መታ መታ አድርጉ ወይም በከንፈራችሁ ድምፅ አሰሙ፤ ሲዞር አሞግሱት። በስሙ ግን በፍጹም አትቆጡት። «ቦቢ! ምን አደረግክ!» ስትሉት ስሙን የሚያየው የቁጣ መጀመሪያ አድርጎ ነው፤ ሲሰማው ዓይኑን ይሰብራል።

ደረጃ 2፦ ሽንት (ከመጀመሪያው ቀን)

1. ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ በልቶ በ15 ደቂቃ ውስጥ፣ ከጨዋታ በኋላ እና ከመተኛቱ በፊት ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ ውሰዱት። የ2 ወር ቡችላ ቀን ቀን ከ2 ሰዓት በላይ ይይዛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሌሊትም አንዴ መነሣት አለባችሁ።
2. እዚያው ቁሙና 5 ደቂቃ ጠብቁ። አታጫውቱት።
3. እንደጨረሰ እዚያው ቦታ ላይ ሸልሙት። ቤት ገብታችሁ ከሸለማችሁት የተሸለመው ስለገባ ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ የምትኖሩ፣ ክትባቱ እስኪያልቅ በረንዳ ላይ አፈርና ሣር ያለበት ዝቅ ያለ ሣጥን አድርጉለት። ጋዜጣም ይሠራል፤ በኋላ ወደ ውጭ ማሻገሩ ግን ተጨማሪ ሥራ አለው።

ወለል ላይ ቢሸናስ? ሲሸና ካገኛችሁት ሳትጮሁ አንሡና ወደ ቦታው ውሰዱት። ካለፈ በኋላ ካገኛችሁት ዝም ብላችሁ አጽዱ። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚያስተምረው ከእናንተ ተደብቆ ሶፋ ጀርባ መሽናትን ነው። ቦታውን መጀመሪያ በውኃና ሳሙና፣ ከዚያ ውኃ በተጨመረበት ኮምጣጤ እጠቡት፤ ሽታው ካልጠፋ ተመልሶ እዚያው ይመጣል። በረኪና በቀጥታ ሽንት ላይ አታፍስሱ፤ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል።

ደረጃ 3፦ «ና» (ከ8ኛው ሳምንት)

ከሁሉም ትእዛዞች አንድ ብቻ አስተምሩ ብባል ይህን እመርጣለሁ። በሩ ተከፍቶ ወደ መንገድ የወጣን ውሻ ከመኪና የሚያተርፈው ይህ ቃል ነው።

1. ሁለት ሰዎች 3 ሜትር ያህል ተራርቃችሁ ቁጢጥ በሉ። ቦታው ጸጥ ያለ፣ ቢቻል ቤት ውስጥ ይሁን።
2. አንዱ ስሙን ጠርቶ «ና» ይበል፤ አንዴ ብቻ፣ በደስታ ድምፅ።
3. ሲመጣ መንገድ ላይ ሳለ አሞግሱት። ሲደርስ ሽልማቱን ከጉልበታችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ስጡ፤ እጃችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ ከሰጣችሁት እጃችሁ ከሚደርስበት ርቆ መቆምን ይለምዳል።
4. የአንገት ማሰሪያ ማድረግን ከለመደ በኋላ (ደረጃ 7ን እዩ) በአንድ እጃችሁ እየሰጣችሁ በሌላው ማሰሪያውን በቀስታ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁት። ይህች እርምጃ ትንሽ ትመስላለች። የማሰሪያ መያዝን ያልለመደ ውሻ አጠገባችሁ ድረስ መጥቶ እጃችሁ ሲነሣ ፈትለክ ይላል፤ በጣም በሚያስፈልግበት ቀንም አትይዙትም።
5. ሌላው ሰው ይጥራው። በአንድ ዙር ከ6 እስከ 8 ጥሪ ይበቃል። እየለመደ ሲሄድ ርቀቱን ጨምሩ፣ ከዚያ ወደ ግቢ ውጡ፣ ከዚያ ሌላ ሰው በሚያልፍበት ሞክሩ። ርቀቱንና ቦታውን በአንድ ቀን አብራችሁ አትቀይሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለሚጠላው ነገር «ና» አትበሉት። ልታጥቡት፣ መድኃኒት ልትሰጡት ወይም ልታስሩት ከሆነ ራሳችሁ ሄዳችሁ አንሡት። ከሁሉ የከፋው ጠርተው ሲመጣ መምታት ነው። ጫማ በልቶ፣ ጠርታችሁት፣ መጥቶ ስትመቱት፣ የተመታው ስለ ጫማው አይደለም። ስለ መምጣቱ ነው።

ካልመጣስ? «ና፣ ና፣ ና፣ አትመጣም?» እያላችሁ አትደጋግሙ። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ጥቂት እርምጃ ሩጡ፤ አብዛኛው ቡችላ ይከተላል። ካልተከተለ በዝግታ ሄዳችሁ ያዙት፣ ሳትቆጡ። ቀጣዩን ሙከራ ባጠረ ርቀትና በተሻለ ሽልማት አድርጉት። ግቢ ውስጥ ስታለማምዱት ረጅሙን ቀጭን ገመድ አስራችሁ መሬት ላይ ይጎትተው፤ ማባረር ከጀመራችሁ ጨዋታ ይመስለዋል፣ በዚያ ጨዋታ ደግሞ ሁልጊዜ ያሸንፋችኋል።

ደረጃ 4፦ «ቁጭ»

1. ሽልማቱን በሁለት ጣታችሁ ይዛችሁ አፍንጫው ላይ አስጠጉ፤ ያሽትት፣ አትስጡት።
2. እጃችሁን ከአፍንጫው በላይ ወደ ጭንቅላቱ ጀርባ በዝግታ ውሰዱ። አፍንጫው ሲከተል ቂጡ ይወርዳል።
3. ቂጡ መሬት በነካ ቅጽበት «ጎበዝ»፤ ወዲያው ስጡት። ሁለት ሰከንድ ዘግይታችሁ ከሰጣችሁ ምናልባት የሸለማችሁት መነሣቱን ነው።
4. ከ10 ሙከራ 8ቱ ሲሳካ ብቻ ቃሉን ጨምሩ፤ እጃችሁ ከመንቀሳቀሱ ጥቂት ቀድማችሁ «ቁጭ» በሉ። ቃሉ ከመጀመሪያው ከገባ ከዘለለውም፣ ከተጠማዘዘውም እንቅስቃሴ ጋር ይያያዝበታል።

ቢዘል እጃችሁ ከፍ ብሏል፤ አውርዱት። ወደኋላ ካፈገፈገ ግድግዳ አጠገብ ሥሩ። ወገቡን ተጭናችሁ አታስቀምጡት፤ መገጣጠሚያው ገና አልጠነከረም፣ እጃችሁን መፍራትም ይጀምራል።

ቆሞ በሚዘልበት ቦታ ሁሉ ይህን ተጠቀሙበት፦ ምግብ ከማስቀመጣችሁ በፊት ቁጭ፣ በር ከመክፈታችሁ በፊት ቁጭ፣ እንግዳ ከመዳሰሱ በፊት ቁጭ። የተለየ የሥልጠና ሰዓት ለሌለው ሰው ትልቁ መንገድ ይኼ ነው።

የአንድ ዙር ርዝመት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ከምግብ በፊት። ማዛጋት፣ መሬት ማሽተት፣ መቧጨር ከጀመረ ደክሟል። የሚችለውን አንድ ቀላል ነገር አሠርታችሁ «በቃ» በሉት።

ደረጃ 5፦ ሰውንና ዓለምን ማላመድ (እስከ 14ኛው ሳምንት)

ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ይካሳል፤ ይኼኛው አይካስም ማለት ይቻላል። የቡችላ አእምሮ አዲስ ነገርን ያለ ፍርሃት የሚቀበልበት ጊዜ ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ተጀምሮ በ12ኛውና በ14ኛው ሳምንት መካከል እየተዘጋ ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ያላየውን ነገር በኋላ ሲያይ የመጀመሪያ ምላሹ መፍራት ነው፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ሥጋት አብረው ይመጣሉ። ክትባቱ ሳያልቅ መሬት ላይ ብታወርዱት ፓርቮ አለ፤ ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። እቤት ብትዘጉበት ደግሞ ጊዜው ያልፋል። መፍትሔው ተሸክሞ ማሳየት ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ባህርይ ሐኪሞች ማኅበር ያወጣው ምክር ቡችሎች ከ7 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ፣ የመጀመሪያውን ክትባት ወስደው ቢያንስ 7 ቀን ከሞላቸውና የትል መድኃኒት ከወሰዱ የቡችላ ሥልጠና ክፍል መግባት እንደሚችሉ ይናገራል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የምትኖሩ ከሆነ ይህን ክፍል ፈልጉ፤ ክትባቱ እስኪያልቅ፣ 4 ወር እስኪሞላው አትጠብቁ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እንዲህ አድርጉ፦

- በክንዳችሁ ታቅፋችሁት በር ላይ ቁሙ። የባጃጅ ድምፅ፣ የመኪና ጡሩምባ፣ «ቆራሌው» እያለ የሚያልፈው ሰው ይለፍ። እያንዳንዱ ድምፅ ሲመጣ ሽልማት ስጡት።
- ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ ዣንጥላ የያዘች ሴት፣ ሄልሜት ያደረገ ሞተረኛ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ይይ። ሕፃናትም አንድ በአንድ ቁጭ ብለው ከእጃቸው ያብሉት።
- ቤት ውስጥ ቡና ሲወቀጥ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጄኔሬተር ሲነሣ ከሩቁ ጀምራችሁ እያበላችሁ አላምዱት። ይህን ያላገኘ ውሻ የበዓል ርችት ይበልጥ ሊያስደነግጠው ይችላል።
- በየቀኑ መዳፉን፣ ጆሮውን፣ ጥርሱን ለጥቂት ሰከንድ ነካክታችሁ ሸልሙት። ሐኪም ፊት የሚነክሰው ውሻ ይህን አልለመደም።

የባዘኑ ውሾች የሚያዘወትሩበት ቦታ፣ ቆሻሻ መጣያና ሥጋ ቤት በር ላይ አታውርዱት። ማስመለስና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ካያችሁ ሥልጠናውን ትታችሁ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ፓርቮ ቡችላን በጥቂት ቀን ሊገድል ይችላል።

ቢፈራስ? አትጎትቱት፣ በግድ አታስጠጉት። ምግብ እስኪቀበል ድረስ ራቁ። ያ ርቀት መነሻችሁ ነው፤ ነገ አንድ እርምጃ ብቻ ትጠጋላችሁ።

«ሰው ከለመደ ጥበቃ አይሆንም» የሚለውን ሥጋት አውቀዋለሁ፤ ቡችላን ከሰው የሚያርቁት በዚህ ምክንያት ነው። ግቢውን የማስከበር ባህርይ ውሻ ሲጎለምስ ራሱ ይመጣል፤ ሰው መልመዱ አያጠፋውም። ሰው ያላወቀ ውሻ ሌባውንና የጎረቤትን ልጅ አይለይም። ሰው ያወቀው ግን የተለመደውን ካልተለመደው ይለያል፤ ዘበኛ ማለትም ይኼ ነው።

ደረጃ 6፦ ንክሻ

የወተት ጥርስ መርገፍ የሚጀምረው በ3ኛውና በ4ኛው ወር መካከል ነው፤ ቋሚው እስከ 7ኛው ወር ይሟላል። እስከዚያ ያኝካል። ጫማና የስልክ ገመድ ከወለል አንሡ። እርጥብ ጨርቅ ጠምዝዛችሁ በረዶ ክፍል አቆይታችሁ ስጡት፤ ድዱን ያበርድለታል። እየጨረፈ እንዳይውጠው ግን አጠገቡ ሁኑ።

እጅ ሲነክስ እጃችሁን አትንጠቁ፤ መንጠቅ ያስቸኩለዋል። ዝም ብላችሁ ጨዋታውን አቁሙ፣ ተነሡ፣ ለ20 ሰከንድ ያህል ፊታችሁን አዙሩ። ሲረጋጋ የሚታኘከውን ስጡት። ልጆች እየጮሁ እንዳይሮጡ፣ ክንዳቸውን አጣጥፈው እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አስተምሯቸው። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃንና ቡችላ አዋቂ በሌለበት አብረው አይቀመጡ። አፉን ጨብጦ መያዝ፣ አፍንጫውን መምታት ውጤቱ አንድ ነው፦ እጅ ሲቃረብ ቀድሞ መንከስ።

ቆዳ ከተቀደደ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቡችላ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቡችላንም ይይዛል፣ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም።

ደረጃ 7፦ ማሰሪያና ገመድ (ከ9ኛው ሳምንት)

በመጀመሪያው ቀን ማሰሪያውን ምግብ ሲበላ ብቻ አድርጉለት፣ ከዚያ አውልቁ። ሁለት ጣት በምቾት ሊገባበት ይገባል። በየሳምንቱ ለኩት፤ አንገቱ በፍጥነት ይወፍራል፣ የተረሳ ማሰሪያ ሥጋ ውስጥ ይገባል።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ቀላሉን ገመድ አስሩና እያያችሁት ይጎትተው። ከዚያ ጫፉን ያዙ። ገመዱ ሲላላ እየሄዳችሁ ጉልበታችሁ አጠገብ ሸልሙት፤ ሲወጠር ቁሙ። ወደፊት መሄድ የሚፈቀደው በላላ ገመድ ብቻ ነው። ይህን አንድ ሰው ብቻ ቢያፈርስ፣ ማለትም እየተጎተተ ቢከተለው፣ መጎተት እንደሚያዋጣ ይማራል።

መሬት ላይ ተለጥፎ እምቢ ካለ አትጎትቱት። ቁጢጥ ብላችሁ ጥሩት፣ አንድ እርምጃ ሲራመድ ሸልሙት፣ ዙሩን እዚያ ላይ ጨርሱ።

ደረጃ 8፦ ጋደም፣ ጠብቅ፣ ተው፣ ልቀቅ (ከ3ኛው ወር)

ጋደም፦ ከተቀመጠበት ሽልማቱን ከአፍንጫው ወደ ፊት እግሮቹ መካከል አውርዱ። ክርኑ መሬት ሲነካ ሸልሙ።

ጠብቅ፦ ቁጭ አድርጉት፣ መዳፋችሁን አሳዩት፣ አንድ ሰከንድ ጠብቃችሁ ሸልሙት። ቀስ በቀስ 3፣ 5፣ 10 ሰከንድ። ጊዜው ሲጸና ብቻ አንድ እርምጃ ራቁ። ከተነሣ የሰጣችሁት ጊዜ ገና በዝቶበታል፤ ግማሹን ቀንሱ። «በቃ» ሳትሉት እንዳይነሣ አድርጉ፤ መጨረሻውን ካልነገራችሁት እሱ ይወስናል።

ተው፦ ሽልማት የጨበጣችሁበትን እጅ ያሽትት፣ ይላስ። ፊቱን በመለሰ ቅጽበት «ጎበዝ» በሉና ከሌላው እጃችሁ ስጡት። ቃሉን የምትጨምሩት ሳያመነታ መመለስ ሲጀምር ነው።

ልቀቅ፦ አፉ ውስጥ ያለውን ነገር ከመንጋጋው አትፈልቅቁ። የተሻለ ነገር አፍንጫው ላይ አድርጉ፣ አፉን ሲከፍት «ልቀቅ» በሉ፣ ሽልማቱን ስጡ፣ አደገኛ ካልሆነ የወሰዳችሁትንም መልሱለት። ሲበላ ሳህኑን መንጠቅም ይቅር። ይልቅ በአጠገቡ ስታልፉ አንድ ቁራጭ ሥጋ ጣል አድርጉበት፤ ሰው ወደ ሳህኑ ሲመጣ የሚጨመርለት እንጂ የሚወሰድበት አይመስለውም።

ደረጃ 9፦ ከ6ኛው ወር በኋላ ሲያምፅ

የሚያውቀውን ሁሉ የረሳ ይመስላል። ትጠሩታላችሁ፣ ያያችኋል፣ ተመልሶ ያሸታል። ብዙ ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ የሚያስረው በዚህ ጊዜ ነው። ጉርምስና ነው፤ ያልፋል። ረጅሙን ገመድ መልሱ፣ ርቀቱን አሳጥሩ፣ የሽልማቱን ጥራት ከፍ አድርጉ። ጠዋትና ማታ መራመድ ያስፈልገዋል፤ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ ወጣት ውሻ ጉልበቱን የሚያወጣው በመጮህና በመቆፈር ነው።

አሠልጣኝ መቅጠር ካሰባችሁ ውሻው ተወስዶ ወር ቆይቶ የሚመለስበትን ውል አትፈርሙ። ለአሠልጣኙ ታዝዞ ለእናንተ የማይታዘዝ ውሻ ይመጣል። ቤታችሁ መጥቶ እናንተን የሚያሠለጥን ፈልጉ፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ቆማችሁ እዩ። ዱላ ወይም ማነቂያ ካነሣ እዚያው አሰናብቱት።

ዘግይታችሁ ከሆነ

ውሻችሁ ዓመት ሞልቶታል፣ ምንም አልተማረም። ከስሙ ጀምሩ፤ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። «ና» የሚለው ቃል ለዓመት ያህል ያለ ውጤት ሲጠራ ከከረመ ቃሉ ሞቷል፤ በአዲስ ቃል ወይም በፉጨት ተኩትና ከ3 ሜትር ጀምሩ። ከሰንሰለት የምትፈቱት ከሆነ በመጀመሪያ በረጅም ገመድ፣ የግቢው በር ተዘግቶ፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን።

ሰው የነከሰ፣ ምግብ ላይ የሚያጉረመርም ወይም ሰው ሲቃረብ ጥርሱን የሚያሳይ ከሆነ ግን በዚህ መመሪያ ብቻ አትሥሩ። መጀመሪያ ሐኪም ይመርምረው፤ የጆሮ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ብዙ ጊዜ በቁጣ ይገለጣል። ምርመራው እስኪያልቅ ልጆች ወደማይደርሱበት የታጠረ ቦታ አድርጉት፣ ምግቡንም አንድ አዋቂ ብቻ ይስጠው።